ውሃ የምትጠጣው ሃይሉክስ

መስከረም 20

ከቡታጅራ ስንመለስ ነው የጀመረው። ለመስቀል ሄደን ነበር። አምስት ሰው፣ ቆጮ፣ ቅቤ፣ አንድ ከረጢት ቃሪያ። መልካ ቁንጥሬን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት ጌጁ ከመሃል አልፎ ወደ ቀዩ ሲጠጋ አየሁ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ኮፈኖውን ስከፍት ከራዲያተሩ በላይ በኩል እንፋሎት። የላይኛው ቱቦ፣ መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሉት፣ ጫፉ ላይ ይንጠባጠባል።

40 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ልጆች በቢጫ ጀሪካን ከአዋሽ ቀድተው መጡ። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። በክረምት ማግስት አዋሽ ሌላ ቀለም የለውም። ምን ላድርግ፣ ሞላሁት። እየቆምን፣ እየጨመርን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኮልፌ ገባን።

መኪናዋ በፈረንጅ የ1994 ምርት ናት። 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር ናፍታ ሞተር። ከአጎቴ ነው የገዛኋት። "ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ሌላ እንከን የላትም" ብሎኝ ነበር።

መስከረም 24

የመጀመሪያ ስህተት። አንድ ጓደኛዬ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ፍሳሽ የሚደፍን ፈሳሽ ገዝቶ አመጣልኝ። 700 ብር። ጠርሙሱን ወጥውጬ ጨመርኩት፣ ሞተሩን 15 ደቂቃ አስነስቼ ተውኩት። ሦስት ቀን ጠብታ አልነበረም፤ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ቱቦው ያው ነው። ይባስ ብሎ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ከአዋሽ ጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ቡናማ አተላ ሆኗል። ይህን አተላ ለማውጣት ምን ያህል እንደለፋሁ ወደ ታች ይመጣል።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ ከስር አጥቤ አደረቅኳት። ዘይቱና አቧራው ሳይነሳ ፍሳሽ መፈለግ ከንቱ ነው። ከዚያ የፍሪጅ ካርቶን ገልብጬ ከሞተሩ ስር አነጠፍኩ፣ የፊት ጎማዎቹን ቦታ በማርከር አሰመርኩበት። ማታ አቁሜ ጠዋት ካርቶኑን አወጣለሁ። ጠብታው የት እንደወደቀ ያሳያል። እስካሁን ካወጣሁት ወጪ ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ በነፃ የመጣ ካርቶን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ነጥብ። አንዱ ከላይኛው ቱቦ አቅጣጫ፣ አንዱ መሃል ከፋኑ ኋላ፣ አንዱ ተሳፋሪ በኩል ወደ ጋቢናው ጠጋ ያለ። እኔ ግን የማየውን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ቱቦውን። ሁለት ፋሸታ፣ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት፣ ገዛሁ፣ 240 ብር። ሳጠብቀው ቱቦው ራሱ ከፋሸታው ስር ተሰነጠቀ። እንደ ደረቀ እንጀራ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ቱቦ 1,400 ብር። የድሮውን ይዤ መሄዴ ጠቀመኝ፤ ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ የሌላ ሞተር ነበር፣ እጥፋቱ ይለያል።

ጥቅምት 8

ሰፈራችን አካባቢ አንድ ጋራዥ አለ። ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ሰማውና "ቴስታታው ሄዷል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ በእሱና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ። ከነመላጊያው 60 ሺህ ብር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ራሴ ልፈትሽ አልኩ። የዘይት ክዳኑን ከፈትኩ፤ ውሃ ከዘይት ሲቀላቀል የሚታየው ቅቤ የመሰለ ነገር የለም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ንፁህ ጥቁር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቱቦዎቹን ጨበጥኳቸው፤ ለስላሳ ናቸው። ጓርኒሲዮኑ የተበላ ቢሆን አዳሩን ግፊት ይዘው ደንደን ብለው ባገኘኋቸው ነበር። የመጨረሻው ደግሞ የሃይላንድ ፕላስቲክ ፈተና። ከራዲያተሩ አንገት የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ውሃ በሞላ ፕላስቲክ ውስጥ ነከርኩና ሞተሩን አስነሳሁ። አረፋ መጣ! ልቤ ወረደ። ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቱቦ ስቀይር ውስጥ የቀረ አየር ነው የወጣው። የሲሊንደር ጋዝ ቢሆን ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር አረፋው በባሰ ነበር።

ስለዚህ ቴስታታውን አልነካም። በራሴ እጅ መፈለጌን ቀጠልኩ።

ህዳር 6፣ ቅዳሜ

ጥቅምትን የመሥሪያ ቤት ሥራ በላው። መኪናዋን በየሁለት ቀኑ አንድ ሊትር እያጠጣሁ ነበር የምነዳት።

ዛሬ ጎረቤታችን ጋሽዬ ብቅ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽዬ ነው የሚላቸው። በጉብዝናቸው ዘመን በኤንትሬ፣ በፊያት የጭነት መኪና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ምርኩዛቸውን ኮፈኖው ላይ ደግፈው ሲያዩ ቆዩና "ክዳኑን አሳየኝ" አሉኝ።

"የቱን ክዳን ጋሽዬ?"

"የራዲያተሩን ነዋ! አሰብ ላይ የማትፈላ መኪና ጣርማበር ላይ ትፈላለች። ለምን ይመስልሃል?"

ጭነትና ዳገት ነው አልኩ። ሳቁብኝ። ክዳኑን ሲገለብጡት የጎማ ቀለበቱ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይገባል። "ይቺ ግፊት አትይዝም። ውሃህ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነው የሚፈላው።"

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባህር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። የኔ ሞተር ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ በ82 ነው የሚከፈተው። ክዳኑ ካልያዘ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። የሚሠራ፣ የግፊት ልኩ 0.9 የሆነ ክዳን ግን ውስጡን አፍኖ የመፍያውን ነጥብ እዚሁ አዲስ አበባ ወደ 114 ይወስደዋል። ወር ተኩል ሙሉ ጠብታ እያሳደድኩ ለካ ዋናው የሸሸኝ ግፊቱ ነው።

ህዳር 8

ክዳን ገዛሁ፣ 900 ብር። አናቱ ላይ 1.1 ይላል። የድሮው 0.9 ነበር። "ይሄ ይበልጣል፣ ጠንካራ ነው" አለኝ ባለሱቁ። ሲበልጥ ይሻላል ብዬ ወሰድኩ። ሞኝነቴ።

ህዳር 12

ህዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ በጭስ ታፍኗል። እኔም ከገበያ እየተመለስኩ በራችን ላይ ስደርስ ፉሽሽ! በአዲሱ ክዳን ግፊቱ በዝቶ የራዲያተሩ የላይኛው ታንክ በብየዳው ስፌት ተከፈተ። ከኮፈኖው ስር ነጭ እንፋሎት እንደ ጉድ ይወጣል። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም፤ ከሁሉም ደጅ ጭስ እየወጣ የኔ ምን ይለያል። አንዲት እናት በዚያ ሲያልፉ "አዎ፣ እጠኑ ልጄ" ብለውኝ አለፉ።

ተናድጄ ሌላ ስህተት ጨመርኩ። እንፋሎቱ ሲቀንስ በርዷል ብዬ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ሩብ ዙር አዞርኩት። የተረፈው የፈላ ውሃ ክንዴ ላይ ወጣ። እግዜር ሲያተርፈኝ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ያም ሆኖ የአንድ ስኒ አፍ የሚያህል ቦታ ቆዳው ተነሳ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሊጨበጥ እስኪችል ድረስ ክዳን አይነካም። ይህን አውቅ ነበር፣ አላደረግኩትም።

ህዳር 13፣ ቅዳሜ

ራዲያተሩ ወረደ። ከስር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቼ ውሃውን በሳፋ ተቀበልኩ፤ ቀለሙ የኑግ ልጥልጥ። ሁለቱን ቱቦዎች፣ የፋኑን መከለያ፣ አራት ቡሎን። 12 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ሲወጣ ክንፎቹ መካከል የሞተ አንበጣ፣ ላባ፣ የቃሪያ ፍሬ።

የዚህ ዘመን ራዲያተር መዳብና ነሐስ ነው፣ በስታኞ ይበየዳል። የዛሬዎቹ አናታቸው ፕላስቲክ ነው፤ ሲሰነጠቁ መጣል ነው። መርካቶ የራዲያተር ሠራተኞች ጋ ወሰድኩት። የላይኛውን ታንክ በእሳት ነቅለው ሲያሳዩኝ ከቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ሲሶው ተደፍኗል። የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ያ የ700 ብር ፈሳሽ ፍሳሹን ትቶ መንገዱን ደፍኖታል። በቀጭን ብረት አንድ በአንድ ጠረጉት፣ መልሰው በየዱት፣ አየር ሞልተው በርሜል ውስጥ ነከሩት። አረፋ የለም። 3,500 ብር፣ ሦስት ቀን።

እዚያው አንድ ያገለገለ የጃፓን 0.9 ክዳን በ750 አገኘሁ። ስፕሪንጉ እንደ ድንጋይ ነው።

ህዳር 20፣ ቅዳሜ

ከዚህ በኋላ በግምት ላለመሥራት ወሰንኩ። ግፊት መፈተሻ መሣሪያ ገዝቶ ማስመጣት ውድ ስለሆነ ራሴ ሠራሁ። የድሮውን ክዳን ስፕሪንግና ሳህን ነቅዬ ጣልኩ፣ የላይኛው የጎማ ቀለበት ብቻ ቀረ። መሃሉን በድሪል በስቼ የጎማ ቫልቭ አስገባሁበት፤ ቫልቩ 50 ብር። ከዚያ ጌጅ ባለው የሳይክል መንፊያ መንፋት ነው።

መጀመሪያ ስነፋ ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ነፋሁ፣ ነፋሁ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ አልዘጋሁትም፤ አየሩ በዚያ እያፏጨ ይወጣል። በቡሎንና በፋሸታ ዘጋሁት። እንደገና፤ 13 ፒኤስአይ። 0.9 ማለት ይሄው ነው፣ ከዚያ በላይ አልነፋም። ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ፋኑ ቆሞ፣ ጸጥታ። ተኝቼ በባትሪ መብራት ማየት ብቻ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካርቶኑ ያሳየኝ የቀሩት ሁለት ፍሳሾች ተገኙ።

አንደኛው ውሃ ፓምፑ። ከሆዱ ስር ያቺ ሆን ተብላ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የውስጥ ማሸጊያው (ሲል የሚባለው) ሲያልቅ ውሃው በዚያ እንዲወጣ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ናት። በስድስት ሰከንድ አንድ ጠብታ። ዙሪያዋ ነጭ ጨው ሠርቷል፣ ማለትም ሰንብቷል። ሞተሩ ሲሠራ ፋኑ ጠብታውን ስለሚበትነው በጭራሽ አይታይም ነበር። ሁለተኛው ወደ ጋቢና ማሞቂያው የሚገባው ቱቦ። ይህኛው ለምን መስታወቱ ውስጡን ቅባት የመሰለ ጉም እንደሚለብስም መለሰልኝ፤ ማሞቂያው ራሱም ያፈሳል።

ማሞቂያውን ለማውጣት ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት። አላደርገውም። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ በዓመት ስንት ቀን ይከፈታል? የሁለቱን ቱቦ አፍ በአንድ ሜትር አዲስ ቱቦ አገናኝቼ ባይፓስ አደረግኩት። 450 ብር። ክረምት ሲመጣ ባለቤቴ ምን እንደምትል እናያለን።

ህዳር 27፣ ቅዳሜ

የፓምፕ ቀን። አዲሱ 7,800 ብር። ከዚያ ርካሽ ነበረ፤ ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ይንቀጫቀጫል፣ መለስኩት። ቺንጋዎቹን አላልቼ አወጣሁ፣ ፋኑን፣ ፑሊውን። እስከዚህ አንድ ሰዓት።

ከዚያ የፓምፑ ቡሎኖች። ሦስቱ በሰላም ወጡ። አራተኛው እያፏጨ ዞረ፣ ዞረ፣ ቀጭ። ጭንቅላቱ ቁልፉ ውስጥ ቀረ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ነበር የያዝኩት፣ ጉልበቱ አይታወቅም። ማድረግ የነበረብኝ ከዋዜማው ዝገት መፍቻ ረጭቼ ማሳደር፣ ከዚያ ጥቂት ማጥበቅ፣ ጥቂት ማላላት። እኔ ግን ቀጥታ ነው የፈታሁት።

ፓምፑ በቀሩት ወጥቶ ሲነሳ አንድ ሴንቲ የምታህል የቡሎን ጉማጅ ብሎኩ ላይ ቆማ ቀረች። በፒንሳ ሞከርኩ። ተላጠች። ከዚያ በላይ ሳላበላሸው ተውኩት።

ህዳር 28

የሰፈራችን በያጅ ማሽኑን በጋሪ አስገፍቶ መጣ። ጉማጇ ላይ ዳዶ አጠለቀ፣ በዳዶው ቀዳዳ በኩል ከጉማጇ ጋር በየደው። የባትሪውን ገመድ አስቀድሜ ነቅያለሁ። ቀይ ሆኖ ሲበርድ በተራ ቁልፍ ዞሮ ወጣ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። 500 ብር ጠየቀኝ፣ ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ታህሳስ 4፣ ቅዳሜ

ፓምፑን ገጠምኩ። ወረቀቱ ጓርኒሲዮን ላይ በሁለቱም በኩል ሲሊኮን ለጠፍኩ፣ ደህና አድርጌ። ሲሊኮኑ 400። ራዲያተሩን መለስኩ፣ ውሃ ብቻ ሞላሁ፣ ነፋሁ። ከፓምፑ ጠርዝ ያለቅሳል! አወጣሁት። የድሮው ጓርኒሲዮን ቅሪት ብሎኩ ላይ የጥፍር ያህል ቀርቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ በሲሊኮን ልሸፍነው ሞክሬያለሁ። ወፍራም ሲሊኮን የሚጠቅመው የለም፤ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ተቆርሶ ያንኑ የተጠረገ ራዲያተር ሊደፍን ይችላል። በምላጭ ፍቄ፣ በቤንዚን ጠርጌ፣ ከካርቶን አዲስ ቆርጬ፣ ስስ ቀባሁ። ቡሎኖቹን በተራ ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒውን። አንድ ሌሊት አሳደርኩት።

በዚሁ መሃል የቴርሞስታቱን ቤት ከፈትኩ። ባዶ! ቴርሞስታት የሚባል የለም። አጎቴን ደውዬ ብጠይቀው "እሱንማ መካኒኩ ያኔ አውጥቶ ጣለው፣ ለአገራችን አየር አያስፈልግም ብሎ" አለኝ። ብዙ ቦታ የሚሠራ ልማድ ነው። ሞተሩ ግን ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ናፍታ ይበላል። አዲስ ገዛሁ፣ 1,600።

ከመግጠሜ በፊት ልፈትሸው ብዬ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ጣድኩት። 82 ላይ መላቀቅ ጀመረ፣ ጥሩ። ግን ውሃው እየተንተከተከ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ዕቃውን ጠቅልዬ ነበር። ከዚያ ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ 92 ላይ ቆሟል። ይሄ ዕቃ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ኮልፌ ላይ ክዳን በሌለው ድስት 95 የሚባል ውሃ የለም። ጋሽዬ በምርኩዛቸው ያሉኝን ድስቱ ደገመልኝ።

ድስቱ የሽሮ ነበር። ጾሙ ገብቷል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ታህሳስ 11፣ ቅዳሜ

ውስጡን በቧንቧ ውሃ ጥርት እስኪል አጠብኩ፤ አተላው ሳያልቅ አራት ጊዜ ሞላሁ፣ አራት ጊዜ አፈሰስኩ። ከዚያ ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። ያልተበረዘ አምስት ሊትር 2,600፣ የባትሪ ውሃ ስድስት ሊትር 420። እኩል በእኩል ቀላቅዬ 9 ሊትር ትንሽ ሲቀረው ወሰደ። በረዶ በሌለበት አገር ለምን ኩላንት የሚል አለ። እኔ የምፈልገው ዝገቱን እንዲከላከልልኝ ነው። የቧንቧ ውሃ ምን እንደሚሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አይቻለሁ።

የፊት ጎማዎቿን የግቢያችን ዳገት ላይ አውጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁ፤ አየሩ ወደ ላይ እንዲወጣ። 20 ደቂቃ ያህል ሲገነፍል፣ ሲጎድል፣ ስጨምር። የቴርሞስታቷን ትንሽ የአየር ቫልቭ ወደ ላይ አድርጌ መግጠሜ እዚህ ላይ ጠቀመ።

የወጣው አሮጌ ፈሳሽ ጀሪካን ውስጥ ነው፣ "መርዝ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋልም። ቦይ ውስጥ አልደፋሁትም። ጀሪካኑን ምን እንደማደርገው ግን ገና አልወሰንኩም።

ታህሳስ 12

ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ። ሆን ብዬ ጋሽዬንና ሦስት ኩንታል አሸዋ ጭኜ። በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ጌጁ ከመሃል አንዲት ፀጉር አላለፈም። አናቱ ላይ አቁመን ኮፈኖውን ከፈትን፤ ቱቦው ደንደን ብሏል፣ ደረቅ ነው። ጋሽዬ በጣታቸው ቆንጥጠው "አሁን ያዘች" አሉ። ከዚያ ቡና ጋብዘኝ አሉኝ።

ታህሳስ 25

እስካሁን የወጣው 21,310 ብር። ከዚህ ውስጥ 1,600 ብሩ፣ የደፋኙ ፈሳሽና የ1.1 ክዳን፣ ከጥቅም ውጭ የወጣ ነው። የተመለሰልኝ ነገር የለም። ክዳኑን ባለሱቁ አልቀበልም ብሏል። የሚስማማው መኪና ያለው ካለ እሰጣለሁ።

ማጠራቀሚያው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ከምልክቱ አልወረደም። ለገና ቡታጅራ እንሄዳለን። ለማንኛውም የባትሪ ውሃ፣ የላይኛው ቱቦ መለዋወጫ፣ ሁለት ፋሸታና ካቻቢቴ ከመቀመጫው ኋላ አሉ።

ጥር 2

ሄደን መጣን። መልካ ቁንጥሬ ላይ ያው ልጆች ጀሪካን ይዘው ሮጡ። ውሃ አልገዛንም፤ ሸንኮራ ይዘው ስለነበር እሱን ገዛን።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ከስሯ ሳብኩት። አንድ ጠብታ አለ። አረንጓዴው ኩላንት አይደለም። በጣቴ ነካሁት፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ናፍታ ናፍታ የሚሸት። ከኋላ በኩል ነው፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሞተሩን የሚያገኝበት ቦታ አካባቢ። ካርቶኑን ገልብጬ መልሼ አነጠፍኩት።